የአቶ ኻሚስ ጡሩምባ ይነፋል

አሶሳ ውስጥ በበጋ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ካለው ትልቅ ማንጎ ሥር የሚነፉ ሰዎች አሉ። እነማን ናቸው፣ መቼ ጀመሩ እያለ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። ኻሚስ ቢኖር እሱ ይመልስ ነበር። ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከአባቱ ቅል ጀምሮ ይናገር ነበር። አሁን የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አንድ ገጽ አንድ ሙሉ ቀን ይወስድብኛል። ስጽፍም እፈራለሁ። የምፈራው በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ በጻፍኩት አንድ ቃል ምክንያት፣ በሕይወት ያለ ሰው ሊቀብሩ መጥተዋል።

ስሜ አብዱልረሂም ነው፤ ሰው ረሂም ይለኛል። ገበያ ውስጥ በእጅ ጋሪ ዕቃ አመላልሳለሁ። ኻሚስ የእናቴ ወንድም ነው። "ያ ኻል" እለው ነበር፤ አጎቴ ማለት ነው።

በእኛ በበርታዎች ዘንድ ዋዛ የሚባል የሚነፋ ነገር አለ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ይስቃል፤ ወደዚያ በኋላ እመጣለሁ። ዋዛ ከቅል ነው የሚሠራው። አንገታቸው ረጅም የሆኑ ቅሎች ይደርቁና አንዱ በሌላው አፍ ገብቶ በቀርከሃ ስንጣቂ ይታሰራል። እኛ ያለን አሥራ ሁለት ነው። ትንሹ ክንድ ያህላል፤ ትልቁ ከእኔ ይረዝማል። አንዱ ዋዛ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፈኑን ብቻውን የሚነፋ ሰው የለም። ተራህ ሲደርስ ድምፅህን ትሰጣለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። አንድ ሰው ከቀረ ዘፈኑ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ያፏጫል። የሚጀምረው ትንሹ ነው። ትንሹ ካልጀመረ አሥራ አንዱ ሰው አፉን ዋዛው ላይ እንደጫነ ይቀራል።

ዋዛ በፈለጉት ጊዜ አይነፋም። ማሽላ ሲታጨድ ከጣራ ሥር ይወርዳል፣ ዝናብ ሲገባ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክረምት ላይ የነፋ ሰው ዝናቡን ያስቀይማል፤ ኻሚስ እንደዚያ ነበር የሚለው። እኔም ሞክሬ አላውቅም።

ኻሚስ የተወለደው መንጌ በኩል ነው። ሐሙስ ቀን ስለተወለደ ኻሚስ አሉት። በወጣትነቱ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ወርቅ ሲያጥብ ጉልበቱን ብርድ በላውና ወደ አሶሳ መጣ፤ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። ይዞት የመጣው ንብረት በጨርቅ የተቋጠረ የቅል ፍሬ ነበር። ፍሬውን ከዘበኛ ቤቱ አጥር ሥር ተከለው። ሐረጉ ጣራው ላይ ወጣ፤ ከጣራው ደግሞ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ መስኮት ተሻገረ።

"ኻሚስ፣ ይህን ነገር ቁረጥልኝ፤ ብርሃን ከለከለኝ" አሉት ዳይሬክተሩ።

"ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡ። መስኮትዎ ላይ ያለው ሦስተኛው ነፊ ነው።"

ዳይሬክተሩ ሳቁ ይባላል። ቅሉ እስኪደርቅ ድረስ በቀን አምፖል እያበሩ ሠሩ።

በመጀመሪያው በጋ አራት ሰው ነበሩ። ከአራት ድምፅ ዘፈን አይወጣም፤ ግን እሑድ እሑድ ማንጎው ሥር እየተቀመጡ ነፉ። ከገበያ የሚመለስ ሰው እየቆመ፣ አንዱ "እኔም እኮ ከአባቴ ተምሬያለሁ" እያለ፣ በሦስት ዓመት አሥራ ሁለት ሞሉ። አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ሰምቶ "ይህማ ኦርኬስትራ ነው!" አለ። ቃሉን ወደዱት። ሰባተኛውን ዋዛ የሚነፋው ሀይደር ቀለም ቀቢ ስለሆነ፣ ቆርቆሮ ላይ "የአሶሳ የበጋ ኦርኬስራ" ብሎ ጽፎ ማንጎው ላይ ቸነከረው። "ት" የምትለዋን ፊደል ረስቷታል። ስንት ዓመት እንደዚያ ተሰቅሎ ኖረ። እኔ ፊደል ከተማርኩ በኋላ አየኋት፤ ለሀይደር መንገር ግን አፈርኩ። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

እኔን ኻሚስ ያስገባኝ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትልቁን፣ የመጨረሻውን ዋዛ ሰጠኝ። "እኔ አልችልም፣ ያ ኻል" ብለው፣ "አንተ ዝም ብሎ መጠበቅ ታውቃለህ። የመጨረሻው ሥራው መጠበቅ ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ከነፉ በኋላ አንድ ጊዜ "ቡ" ማለት ነው። ለእኔ የሚሆን ቦታ ነበር። በሕይወቴ ቀድሜ የጀመርኩት ነገር አልነበረም፤ ሌላው ከጀመረ በኋላ ነው የምገባው።

እዚህ ላይ ፈንታን ማስተዋወቅ አለብኝ። ፈንታ በደርግ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እኛ አምባ በምንለው የሰፋሪዎች መንደር ይኖራል። ሰፋሪዎቹ እድራቸውን ቅሬ ይሉታል፤ ፈንታ የቅሬው ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ጡሩምባ ይነፋና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየጮኸ ይናገራል። መጀመሪያ ቀን በርበሬ ሸጦ ሲመለስ ማንጎው ሥር አሥራ ሁለት ሰው ሲነፋ አየ። አህያውን አቁሞ፣

"ሰዎች፣ አሥራ ሁለት የምትነፉት ስንት ሰው ሞቶባችሁ ነው?" አለ።

ኻሚስ ሳቁ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኛሞች ሆኑ። ፈንታ እሑድ እሑድ እየመጣ፣ ኻሚስ ጎን ተቀምጦ፣ "ዛሬስ ማን ሞተ?" ይል ነበር። ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ ይህን ሰምቼ ነው በኋላ ያን ቃል የጻፍኩት።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ከአምስት ዓመት በፊት መሰለኝ። ከካማሺ በኩል የሚመጣው ወሬ ሁሉ መጥፎ ነበር፤ ሰው እቤቱ ሲቀመጥ እንኳ ጫማውን አያወልቅም ነበር። እኛ ግን አንድ እሑድ ወጥተን ነፋን። ብዙ ሰው ነበር፤ የእኛም፣ የአምባም። መሃል ላይ አንድ ነገር ፈነዳ።

ጥይት መሰለኝ። ትልቁን ዋዛ ጥዬ ሮጥኩ። ከኋላዬ ሰው ሁሉ ሮጠ። ሴቶች ወደቁ፣ ጫማ ቀረ፣ ሁለት ዋዛ ተረገጠ። ሰው አልተጎዳም። የፈነዳው የጭነት መኪና ጎማ ነበር። ሾፌሩ ክሪኩን ይዞ ቆሞ "ምን ሆናችሁ?" ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው "መጀመሪያ ማን ነው የሮጠው?" እያለ ብዙ ተጠያየቀ። እኔም ከጠያቂዎቹ ጋር ቆሜ "እውነት፣ ማን ነው?" እል ነበር። የሮጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አሁን ነው የምጽፈው።

ዋዛዎቹ ጣራ ሥር ተሰቀሉ። ማሽላ ሲታጨድ የሚያወርዳቸው ጠፋ። የአምባ ሰዎች ወደ እኛ ሰፈር መምጣት ተዉ፤ እኛም ወደዚያ መሄድ ተውን። የተጣላ ሰው የለም። የሚፈራራ ሰው ነው የነበረው። ገበያ ላይ ሰላም ይባባላሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሳይመሽ ወደ ቤቱ ይቸኩላል።

ባለፈው ሚያዝያ ኻሚስ ደረቱን ታመመ። ሐኪሞቹ ወደ አዲስ አበባ ሂድ አሉት። ሰኞ በአውቶቡስ እንዲሄድ ተወሰነ። ሐሙስ ዕለት ልጁ ዋፋ ጠራችኝ። ኻሚስ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሲተነፍስ ከውስጡ የወንፊት ድምፅ ይወጣል።

"ረሂም፣ ሰኞ እሄዳለሁ። እንደምመለስ አላውቅም" አለኝ። "ከመሄዴ በፊት አሥራ ሁለቱን ሞልተው መስማት እፈልጋለሁ። ክረምቱም ሊገባ ነው። ያለን እሑድ ብቻ ነው።"

"ያ ኻል፣ የተረገጡት ሁለቱስ?"

"ሠርቻቸዋለሁ። ማን ይነፋቸዋል ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው።" ከአልጋው ሥር አወጣቸው። ከዚያ ትንሹን፣ የራሱን፣ የመጀመሪያውን አንሥቶ ሰጠኝ። "ይህን አንተ ያዝ። እኔ ትንፋሽ የለኝም።"

ወደ እሱ መለስኩት። "ሀይደር ይያዘው" አልኩ።

"ሀይደር ሰባተኛ ነው። ሰባተኛውን ማን ሊነፋ ነው?"

"የእኔንስ ትልቁን?"

"ሰው ፈልግለት" አለ። ደክሞት ዓይኑን ጨፈነ።

ሰው ፈለግኩ። ወጣቶቹ ጉባ ወደ ግድቡ ሥራ ሄደው የቀሩም አሉ፣ ወርቅ ፍለጋ የወረዱም አሉ። ያሉትም ዋዛ ይዘው አያውቁም። አሥራ አንድ ሰው ሆንን። ይህን ለኻሚስ መንገር ፈርቼ እሑድ ድረስ ዝም አልኩ።

ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመካከላችን የሚጽፍ እኔ ነኝ ተባለ። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ በአራተኛው፣ "እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ዋዛ ስለምንነፋ እንዲፈቀድልን" ብዬ ጻፍኩና ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። መነን የምትባል ወጣት ጸሐፊ ተቀበለችኝ። ከመሃል አገር መጥታ ገና ብዙ አልቆየችም። አነበበችው። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ፣ ደግማ አነበበችው።

"እንዴ ጋሼ! ለዋዛም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?"

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ክፋት የላትም፤ እሷ በምታውቀው አማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ነው። ቀልድ ልንቀልድ ፈቃድ የጠየቅን ነው የመሰላት። እኔ ግን ላብ በጀርባዬ ወረደ። ማስረዳት ነበረብኝ። ቅል ነው፣ የአባቶቻችን ነው፣ አሥራ ሁለት ነው ማለት ነበረብኝ። አንዱም አልወጣልኝም።

"ይነፋል" አልኩ። ከዚህ ሌላ ቃል ጠፋኝ።

"የሚነፋማ ጡሩምባ ነዋ! ጡሩምባ ብለው ይጻፉልኝ፤ አለቃዬም እንዳይስቅብን።"

ዋዛ የሚለውን ሰርዤ ከላዩ ጡሩምባ ብዬ ጻፍኩ። ማኅተም አደረገችበት። "ብዙ ሰው ብቻ እንዳይሰበሰብ፣ እሺ ጋሼ?" አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ማኅተም ያረፈበት ቃል ጡሩምባ ስለሆነ ከዚያ መውጣት ፈራሁ። "እሑድ በዘጠኝ ሰዓት በማንጎው ሥር የአቶ ኻሚስ ጡሩምባ ይነፋል። ሁላችሁም እንድትገኙ" አልኩ። የአቶ ኻሚስ ያልኩት ዋዛዎቹ የእሱ ስለሆኑ ነው። አንዱን ማንጎው ላይ፣ አንዱን ገበያ፣ አንዱን ደግሞ አምባ ድረስ ሄጄ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የሚያየኝ ሰው እንዳያናግረኝ ቶሎ ተመለስኩ። ጽሑፌ ቀጥ ብሎ ወጥቶልኝ ስለነበር መንገድ ላይ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ኻሚስን ዋፋና ሀይደር ደግፈው አመጡት። ከትምህርት ቤቱ ወንበር አስመጥተን ማንጎው ሥር አስቀመጥነው። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል። አሥራ አንዳችን ተደርድረናል፤ ትልቁ ዋዛ ግንዱን ተደግፎ ብቻውን ቆሟል። ኻሚስ አየው።

"ይህስ?"

"ሰው አላገኘሁም፣ ያ ኻል።"

 ፊቱ ወደቀ። ካወቅሁት ጀምሮ ከኻሚስ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የሰፈር ሰው ሃያ ያህል መጥቷል፤ ሁሉም በቆመበት ወደ መንገዱ ያያል፣ ማምለጫውን ይለካል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሀይደር ክንዴን ነካኝ።

"ረሂም፣ ያ ምንድነው?"

በአምባ መንገድ ሰዎች እየመጡ ነበር። ሃምሳ ይሆናሉ። ከፊት ያሉት ወንዶች ናቸው። ትከሻቸው ላይ አካፋና ዶማ አለ። አይነጋገሩም። ፈጥነው ነው የሚራመዱት።

አካፋ የያዘ ሰው ዘፈን ሊሰማ አይመጣም። ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም አስቦታል። ሴቶቹ ተነሡ። አንድ ሰው ጫማውን አጠበቀ። "ያ ረቢ" አለ ሀይደር ቀስ ብሎ።  እግሬ ያውቃል፤ እኔ ሳልነግረው ዞሯል። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ግድግዳቸው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ጻፍኩ? ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?

ከኋላዬ የሸሚዜን ጫፍ የያዘ እጅ ነበር። ኻሚስ ነው።

"ረሂም።"

"አቤት።"

"እንደ ጎማው ቀን እንዳታደርግ።"

ዞሬ ላየው አልቻልኩም። ያውቅ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር፤ አንድ ቀን አልተናገረኝም። ቆምኩ። ከጀግንነት አይደለም፤ ሸሚዜን አለቀቀኝም።

ሰዎቹ ቀረቡ። ከፊታቸው ፈንታ ነው። እሱ አካፋ የለውም፤ ጡሩምባው በአንገቱ ተንጠልጥሏል። እያለቀሰ ነው። "ወይ ኻሚስ! ወይ ወንድሜ! ሳልሰናበትህ!" እያለ መጥቶ፣ መጥቶ፣ ወንበሩ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ።

"እኔ አልሞተም" አለ ኻሚስ።

ፈንታ እንባው እየወረደ፣ "አልሞትኩም ነው የሚባለው" አለ።

"አንተ ሞተ አልክ፣ እኔ አልሞተም አልኩ። የማን አማርኛ ልክ ነው?"

የሳቀ ሰው አልነበረም። አካፋ የያዙት ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴትዮ ወደ ፊት ወጥታ፣

"ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ሰምተን ነው የመጣነው!" አለች። "ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ነው ተባለ። ለሕያው ሰው አልቅሰናል! ምን ዓይነት ጉድ ነው?"

"እኔ አንብቤ ነዋ!" አለ ፈንታ። "ወፍጮ ቤቱ ላይ ተለጥፏል። የአቶ ኻሚስ ጡሩምባ ይነፋል ይላል። የሰው ጡሩምባ መቼ ነው የሚነፋው? ታሟል መባሉን ሰምቻለሁ። ጓደኛዬ ሞተ ብዬ ነፋሁ። ማን ነው ይህን የጻፈው?"

 ያ የድሮው ጥያቄ ነው፤ ማን ነው። ከጠያቂዎቹ ጋር ቆሜ ማን ነው ማለት ለምጃለሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ድምፄ ቀጥኖ ስለወጣ ሁለተኛ ማለት ነበረብኝ። "እኔ ነኝ። ዋዛ ልል ነበር። ቢሮ ሳቁብኝ።"

ዋፋ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። "አባቴ ነገ መንገድ አለበት" አለች። "በሕይወት እያለ ሞቱን አስነገርክበት! ምን አደረግህ ረሂም? ምን አደረግህ?" የአምባ ሴቶችም ይህ ጥሩ አይደለም፣ በሕያው ሰው የተነፋ ጡሩምባ ሰውየውን ይጠራል እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል በጎማው ቀን አልፈራሁም። ያን ቀን የፈራሁት ለራሴ ነበር።

ኻሚስ እጁን አነሣ።

"ዋፋ፣ ስንት ሰው ነው?"

"ምን ያደርግልሃል አባ?"

"ቁጠሪ።"

"ሃምሳ፣ ስድሳ ይሆናል።"

"ሁሉም እኔን ሊቀብሩ ነው የመጡት?"

 ኻሚስ ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ለአምስት ዓመት በዚህ ማንጎ ሥር ያልቆሙ ሰዎች ናቸው። ፈርተው መጥተዋል፤ አሁን ሳየው እነሱም ወደ መንገዱ እያዩ ማምለጫቸውን ይለካሉ። የማይመጡበትን መንገድ ነው የመጡት።

"አካፋውን ግንዱ ላይ አስደግፉ" አላቸው በአማርኛ። "ቁጭ በሉ። ቀብሩ ይቆያል።" ከዚያ ወደ ፈንታ ዞረ። "አንተ ና። ያን ትልቁን ያዝ።"

"እኔ? እኔ የምነፋው ለሞተ ሰው ነው።"

"ጠዋት ገድለኸኝ የለ? ንፋ።"

አሁን የሳቀ ሰው ነበር። ፈንታ እንባውን በጋቢው ጠረገና ትልቁን ዋዛ አነሣ። ትከሻዬን ነክቶ "መቼ ነው እኔ?" አለኝ። "ሁሉም ከጨረሰ በኋላ አንድ ጊዜ" አልኩት። "ከዚያ በኋላ ጠብቅ።"

ኻሚስ ሸሚዜን ለቀቀ። በእኛ ቋንቋ፣ ሌላው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ፣ "ያን ቀን አንተ ጀመርክ፣ ሰው ሁሉ ተከተለህ" አለኝ። "መጀመር ትችላለህ ማለት ነው። ንፋ።"

ትንሹን ዋዛ አፌ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ የወጣው ምራቅ ነው። አንድ ሰው ሳለ። ደግሜ ነፋሁ፤ ወጣ። ቀጭን ነው፣ የሚንቀጠቀጥ ነው፣ ግን ወጣ። ሁለተኛው ተቀበለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ ሀይደር ጋ ሲደርስ ዘፈኑ በእግሩ ቆመ። ዘወር ብሎ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ፈንታ "ቡ" አለ፤ አጭር መሆን ሲገባው እንደ ቅሬው አስረዘመው። ሀይደር በዓይኑ ተቆጣው። በሁለተኛው ዙር አሳጠረው። አሥራ ሁለት ሞላ።

በዚያ መሃል ነጎድጓድ ፈነዳ። ከራሳችን በላይ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ዓይኑን እኔ ላይ አደረገ። እግሬ አንድ እርምጃ ሄዷል፤ አልዋሽም። ግን ተራዬ ደርሶ ነበር። ነፋሁ። ሁለተኛው ተቀበለኝ። ሰዎቹ ተቀመጡ።

ኻሚስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጉልበቱ ላይ እየቆጠረ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ጣቱን ያነሣል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የዝናቡ ጠብታ እስኪወርድ ድረስ ነፋን። ከዚያ የአምባ ሰዎችም የእኛም ዋዛዎቹን በነጠላና በጋቢ ሸፍነው ወደ ኻሚስ ቤት ሮጡ። ያን ቀን ሁሉም ሮጠ፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ሰኞ አውቶቡስ ላይ ስናሳፍረው፣ "ያ ኻል፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። "ስለ የቱ?" አለኝ። የትኛውን እንደማስቀድም ሳላውቅ አውቶቡሱ ሄደ።

ተመልሶ መጣ፤ ግን አልዳነም። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ ሳያቋርጥ ሦስተኛ ቀኑን ሲዘንብ፣ ዐረፈ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ፈንታ በላስቲክ ተጀቡኖ ቤቴ ድረስ መጣ። ጡሩምባውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ አፉ ላይ ግን አላደረገውም።

"ብነፋ ማን ያምነኛል?" አለኝ። "ዘፈን ነው ብለው ይተኛሉ።"

ሁለታችን በጭቃው ውስጥ በየቤቱ እየዞርን በአፋችን ነገርን። ፈንታ ይናገራል፣ እኔ ጎኑ እቆማለሁ። አንድ ቤት ላይ ድምፁ እምቢ ሲለው እኔ ተናገርኩ። ዋዛዎቹ ክረምት ስለሆነ አልወረዱም። አካፋ የያዙት ያው ሰዎች ናቸው፤ በዚያው መንገድ መጡ።

ማሽላው ኅዳር ላይ ታጨደ። ዋፋ መሰላል ይዛ ጠራችኝ፤ አሥራ ሁለቱን አወረድን፣ አቧራውን ጠረግን። ፈንታ ትልቁን ወሰደ፤ አልመልስም አለ። ለፈቃድ መነን ጋ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ዋዛ ብዬ ጻፍኩ። ላቤ ወረደ፤ ግን አልሰረዝኩትም። አነበበችና፣ "ይህቺ ያቺ ሰው ያስለቀሰችው ናት?" አለችኝ። "አዎ" አልኩ። ማኅተሙን አደረገችበት።

ማስታወቂያውን ወፍጮ ቤቱ ላይ ከመለጠፌ በፊት ብዙ ቆምኩ። "እሑድ በዘጠኝ ሰዓት በማንጎው ሥር ዋዛ ይነፋል" ይላል። የሞተ ሰው የለም ብዬ ልጨምርበት አሰብኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ከሥሩ፣ "አካፋ አያስፈልግም" ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሹን ዋዛ ይዤ ቆምኩ። የኻሚስ ወንበር እዚያው ነው፤ ያነሣው ሰው የለም። በአምባ መንገድ ሰዎች ሲመጡ አየሁ። እስኪቀርቡ ድረስ ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የማየው። ባዶ ነው። አፌ ግን ደርቋል፤ ምራቄን ሰብስቤ እስክጨርስ አሥራ አንዱም ጠበቁኝ።